ሉተር ያልጣለውን በሉተር ስም አትጣሉ፦ ለሉተራን ሰባኪዎችና መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ለምትሰብኩ፣ በሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች ለምታስተምሩና የካቴኪዝም (የእምነት መሠረታዊ ትምህርት) መማሪያ መጻሕፍትን ለምታዘጋጁ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከመድረክ ይሰማል፤ በትምህርት ጽሑፎች ይገኛል፤ ምእመናንም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጋር ክርክር በገጠሙ ቁጥር ቶሎ ብለው ያነሡታል። እንዲህ ይላል፦ «ማርያም ጌታን ከወለደች በኋላም ድንግል ሆና ኖረች የሚለውን ትምህርት ተሐድሶው ጥሎታል፤ እኛ ሉተራውያን አንቀበለውም።»

ተሐድሶው፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በማርቲን ሉተር የተጀመረው የቤተ ክርስቲያን እድሳት፣ አልጣለውም። ሉተር እስኪሞት ድረስ ይዞት ኖሯል። የምንመካባቸው የእምነት መግለጫዎችም የሚሉት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር አይገጥምም። እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ተራ ምእመን ነኝ። ይህን ያወቅሁት ከሌሎች መጻሕፍት አይደለም፤ እናንተው «የእኛ ናቸው፣ አንብቡ» ብላችሁ የሰጣችሁንን መጻሕፍት አንብቤ ነው።

ሉተራዊ ሁሉ ዘላለማዊ ድንግልናን (ማርያም ሁልጊዜ ድንግል ናት የሚለውን) የግድ ይመን እያልሁ አይደለም። እንዲያ ቢታዘዝ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ። የምጠይቃችሁ ታሪኩንና ትምህርቱን ሳትቆርጡ እንድታስተምሩን ነው።

ከ1523 ልጀምር። በዚያን ጊዜ በሉተር ላይ ከባድ ክስ ተነዝቶ ነበር። ክርስቶስ ከዮሴፍ ዘር የተወለደ ነው፣ ማርያምም ድንግል አልነበረችም፣ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳለች ብሎ ያስተምራል ተባለ። ወሬው መሳፍንቱ ጆሮ ድረስ ደረሰ። ሉተርም መልስ ጻፈ፤ «ኢየሱስ ክርስቶስ አይሁዳዊ ሆኖ መወለዱ» የሚል ርእስ ባለው አነስተኛ መጽሐፍ። (ስለዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በውስጡ ስለ አይሁድ በወዳጅነት የተናገረው ይኸው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1543፣ ለማንበብ የሚያሳፍር የጥላቻ ቃል ጽፎባቸዋል። ሉተርን የምጠቅሰው የተናገረው ሁሉ ቅዱስ ነው ብዬ አይደለም፤ በስሙ የሚነገረው ነገር እርሱ የተናገረው መሆን ስላለበት ነው።)

ሉተር ክሱን ውሸት ነው ብሎ አጣጣለው። ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ግን ከማጣጣሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ማርያም ከመውለዷ በፊትም ስትወልድም ድንግል እንደ ነበረች ይመሰክራል፤ እዚያም ላይ ያቆማል ይላል። እግዚአብሔር የተስፋውን ዘር ያለ ኃጢአት ሊሰጠን ድንግልናዋን የፈለገው እስከዚያ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ስላለው ዘመን ደግሞ መጽሐፍ ድንግልናዋን እንዳጣች አንዳች ስለማይናገርና ስለማያመለክት፣ ድንግል ሆና ኖራለች ብለን ብንይዝ ይበቃናል። ሰው ከመጽሐፍ ውጭ፣ ከገዛ ራሱ አሳብ አውጥቶ፣ ተቃራኒውን ያረጋግጥብናል ብለን የምንፈራበትም ምክንያት የለም። የሉተር መልስ በአጭሩ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሉተር ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል፤ እኛም ዛሬ የሚያጋጨን ይህን ልዩነት መርሳታችን ነው። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተፀንሶ ከድንግል መወለዱ የእምነት አንቀጽ ነው፤ መጽሐፍ በግልጽ ይናገረዋል፣ መዳናችን ያለበት ነገር ነውና። ማርያም ከዚያ በኋላ እንዴት ኖረች የሚለው ግን መጽሐፍ ዝም ያለበት ጉዳይ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሉተር ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የያዘችውን ይዞ ይቀጥላል፤ የሚያፈርስ ቃል አላገኘምና። ለመጽሐፍ ዝምታ ያለው አክብሮት ወደዚያ ወሰደው። እኛ ደግሞ ያንኑ ዝምታ «አልተጻፈም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ወደሚል ፍርድ ለውጠነዋል። ሉተር ግን የራሱን ግምት የመጽሐፍ ቃል አድርጎ ማቅረብን የተቃወመው ከማንም ወገን ቢመጣ ነበር።

ሁልጊዜ የሚጠቀሱትን ሁለት ጥቅሶች ባላነሣ ደብዳቤዬ አይታመንም። «የበኩር ልጅዋንም እስክትወልድ ድረስ አላወቃትም» ይላል ማቴዎስ 1፥25። ሄልቪዲየስ የሚባል ሰው ከዚህ ቃል ተነሥቶ ማርያም በኋላ ከዮሴፍ ጋር እንደ ሚስት ኖራለች ሲል፣ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መምህር ጀሮም በ383 ገደማ መልስ ጽፎበታል፤ ሉተርም በ1523 ጽሑፉ ወደዚያው ክርክር ይመለሳል። ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። «እስከ» ያለ ሁሉ ከዚያ በኋላ ተቀየረ ማለት አይደለም፤ የሳኦል ልጅ ሜልኮል «እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ» ልጅ አልወለደችም ተብሎ ተጽፏል። «በኩር»ም ቢሆን በዘጸአት 13 ሕግ ማኅፀን የሚከፍት ሁሉ ነው፤ ተከታይ ቢኖረውም ባይኖረውም ገና ሲወለድ በኩር ይባላል። እነዚህ መልሶች ዘላለማዊ ድንግልናን አያረጋግጡም። ጥቅሱ አፍራሽ ማስረጃ እንዳልሆነ ግን ያሳያሉ፤ በዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገንም ይኸው ነው።

የጌታ ወንድሞች ጉዳይ ይከብዳል፤ አላቃልለውም። ማቴዎስ 13፥55 በስም ይጠራቸዋል፤ ያዕቆብ፣ ዮሳ፣ ስምዖን፣ ይሁዳ። እኅቶችም አሉ። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሐሳብ ነበር። ሄልቪዲየስ የማርያምና የዮሴፍ ልጆች ናቸው አለ። ኤጲፋንዮስ የተባለው ጳጳስ ዮሴፍ ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳቸው ናቸው አለ፤ ይህ ሐሳብ በሁለተኛው መቶ ዘመን ከተጻፈው የያዕቆብ ወንጌል ከሚባለው ጽሑፍ ጀምሮ ይታወቃል። ጀሮም ደግሞ የአክስት ልጆች ናቸው አለ፤ አብርሃም የወንድሙን ልጅ ሎጥን «ወንድማማች ነንና» እንዳለው። ሉተር በ1530ዎቹ መጨረሻ በዮሐንስ ወንጌል ላይ ሲሰብክ ምዕራፍ 2፥12 ላይ ደረሰ፤ ማርያም ከክርስቶስ ሌላ ልጅ አልወለደችም፣ «ወንድሞች» የተባሉት የአክስት ወይም የአጎት ልጆች ናቸው ከሚሉት ጋር ለመስማማት አዘነብላለሁ አለ። ወደ ጀሮም ሄደ ማለት ነው።

ጀሮም ለሉተር ማን እንደ ነበር ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ያስገርማል። ሉተር ከጥንት መምህራን መካከል እንደ ጀሮም የሚያማርረው ጥቂት ነው፤ ስለ ጾም፣ ስለ ምግብና ስለ ድንግልና እንጂ ስለ እምነት አይጽፍም እያለ ይነቅፈዋል። እርሱ ራሱ በ1521 የገዳም ስእለትን የሚተች ትልቅ ጽሑፍ ጽፏል፤ በ1525 ደግሞ ከገዳም የወጣችውን ካታሪና ፎን ቦራን አግብቷል፤ ስድስት ልጆችም ወልደዋል። ትዳር ከድንግልና ያነሰ መንገድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንደ እርሱ የናደ ሰው በዘመኑ አልነበረም። ያ ሰው ነው ማርያምን ዘላለማዊት ድንግል ያላት።

ይህን የማነሣው «ዘላለማዊ ድንግልና ትዳርን ያዋርዳል» የሚለው ክስ በእናንተም ጽሑፎች ስለሚገኝ ነው። ክሱ ባዶ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙዎች የማርያምን ድንግልና ተጠቅመው ያገቡትን ሁለተኛ ደረጃ አድርገዋል፤ ጀሮም አንዱ ነው። ሉተር ግን ነገሩን ከዚያ ጥቅም ላይ አላዋለውም። በእርሱ ዘንድ ድንግልናዋ ለሌሎች ሴቶች የተዘረጋ መለኪያ አይደለም፤ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሥራ፣ በአንዲት ሴት የተደረገ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። በ1521 በቫርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሳለ የጨረሰው የማርያም መዝሙር (ሉቃስ 1፥46–55) ማብራሪያም ይህንኑ ይናገራል፤ ማርያም ታላቅ የሆነችው በራሷ ብቃት አይደለም፣ እግዚአብሔር ዝቅተኛነቷን ስለ ተመለከተ ነው ይላል።

አሁን ወደ እምነት መግለጫዎቻችን ልግባ፤ እናንተም ስትሾሙ የፈረማችሁት በእነርሱ ላይ ነውና ጉዳዩ ይበልጥ የእናንተ ይሆናል።

የ1530 የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በሦስተኛው አንቀጽ የእግዚአብሔር ልጅ ከድንግል ማርያም ሰው ሆኖ እንደ ተወለደ ይመሰክራል፤ ከዚያ አያልፍም። ሉተር በ1537 ለሽማልካልደን ጉባኤ ባዘጋጃቸው አንቀጾች፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ ክርስቶስ ከንጽሕትና ቅድስት ድንግል ማርያም ተወለደ ይላል። ይህ ጀርመንኛው ነው። ላቲኑ ግን አንድ ቃል ይጨምራል፤ «ሴምፐር ቪርጎ»፣ ሁልጊዜ ድንግል። የሉተራን የእምነት መግለጫዎች የተሰበሰቡበት የኮንኮርድ መጽሐፍ በ1580 በጀርመንኛ ታተመ፤ ይፋዊው የላቲን እትም በ1584 ወጣ፤ ቃሉም በዚያ ውስጥ አለ። ከእነዚህ መግለጫዎች የመጨረሻው የሆነው የ1577ቱ የኮንኮርድ ፎርሙላ ደግሞ በስምንተኛው አንቀጽ ሰፊ ማብራሪያ ላይ፣ ክርስቶስ መለኮታዊ ክብሩን በእናቱ ማኅፀን ሳለ እንኳ እንዳሳየ፣ ድንግልናዋን ሳይጥስ ከድንግል እንደ ተወለደ፣ ስለዚህ በእውነት ወላዲተ አምላክ እንደ ሆነችና ድንግልም ሆና እንደ ጸናች ይናገራል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ፎርሙላው ይህን የሚለው ስለ ማርያም ሊያስተምር አስቦ አይደለም። አንቀጹ ነገረ ክርስቶስ ነው፤ ሁለቱ ባሕርያት በአንድ አካል እንዴት እንደ ተዋሐዱ። ከእርሱ በፊት ያለው ሰባተኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ጌታ እራት ነው፤ በዚያም ውስጥ ሉተር በ1528 ስለ ጌታ እራት ከጻፈው ረጅም ቃል ተጠቅሷል። ክርስቶስ በሥጋው ቦታ ሳይይዝና ቦታ ሳያስለቅቅ የሚገኝበት መንገድ አለው፤ በዚህ መንገድ ከታተመው መቃብር ወጣ፣ በተዘጋ በር ገባ፣ በኅብስቱና በወይኑ ውስጥ አለ፣ እንደሚታመነውም ከእናቱ ሲወለድ እንዲሁ ሆነ ይላል።

«እንደሚታመነው»! ያችን አነጋገር ብዙ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ስለ መቃብሩና ስለ በሩ ሲናገር እንዲህ አይልም፤ እነዚያ ተጽፈዋል። ወደ ልደቱ ሲመጣ ግን «እንደሚታመነው» ብሎ ቃሉን ለዘብ ያደርጋል። ሉተር የሚያምነውን ያውቃል፤ የሚያምንበትን ልክ ደግሞ አብሮ ያውቃል። ስለ ጌታ እራት ከስዊስ ተሐድሶ መሪው ከዝዊንግሊ ጋር እስከ መለያየት የደረሰ ሰው፣ ክርክሩን ሊያጠነክርለት የሚችለውን ምሳሌ እንኳ ከሚገባው በላይ አላከበደውም። ዝዊንግሊም ቢሆን በዚህ ነጥብ አይቃወመውም ነበር፤ በ1522 ስለ ዘላለማዊት ንጽሕት ድንግል ማርያም ስብከት አሳትሟል። ሁለቱ በኅብስቱ ተጣሉ እንጂ በማርያም አልተጣሉም።

እንግዲህ ያ ላቲን ቃልና ያ የፎርሙላ ሐረግ በፈረማችሁት ላይ ምን ግዴታ ይጥላሉ? መግለጫዎቹን «ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ስለሚስማሙ» ብላችሁ የፈረማችሁ አላችሁ፤ «በሚስማሙበት መጠን» ብላችሁ የፈረማችሁም አላችሁ። በመጀመሪያዎቹ መካከል እንኳ አንድ ሐሳብ የለም። አንዳንዶች የፈረምነው በያንዳንዱ ቃል ነው፣ ስለዚህ ዘላለማዊ ድንግልና ያስገድደናል ይላሉ። ሌሎች የሉተር ጀርመንኛ ቃሉን ስለማይዝ የላቲኑ ተርጓሚ ጭማሪ አያስገድደንም ይላሉ፤ እነዚህ የፎርሙላውን ሐረግ ሲያልፉት አያለሁ። ሦስተኞቹ ደግሞ የሚያስገድደው የሚማረው ትምህርት ነው፣ በመንገድ ላይ የተነሣ ታሪካዊ አባባል ግን አይደለም ይላሉ። ከሦስቱ ለእውነት የሚቀርበው የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ፎርሙላው ራሱ በመግቢያው የትምህርት ሁሉ ብቸኛ ዳኛና መለኪያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ብሎ ስለሚጀምር። የሚያስገድድ አለመሆኑ ግን እንዳልተጻፈ አድርጎ ለማለፍ ፈቃድ አይሰጥም። አባቶቻችን ማርያምን ሲጠሯት እንዲህ ብለው እንደ ጠሯት ተማሪው ሊያውቅ ይገባዋል።

ታዲያ እንዴት ተረሳ? ከሉተር በኋላ በመጣው የሉተራን ሥነ መለኮት ወርቃማ ዘመን አልተረሳም ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ዮሐን ጌርሃርትን የመሰሉ ታላላቅ መምህራን ይዘውታል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያኖችም የብሥራትን፣ የማርያም ኤልሳቤጥን መጎብኘትና የመንጻቷን በዓላት ማክበራቸውን አልተዉም፤ የዜማ ደራሲው ባኽ በ1723 በላይፕሲግ የማርያምን መዝሙር በላቲን ቋንቋ ለዜማ ያበቃው በዚህ ልማድ ውስጥ ሆኖ ነው። በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪካዊ ጥናት እየገፋ ሲመጣ፣ የጌታ ወንድሞች የማርያም ልጆች ናቸው የሚለው ሐሳብ በእኛም ምሁራን ዘንድ ቦታ ያዘ። ቴዎዶር ሳን በ1900 ይህን በሰፊው ተከራክሯል፤ እርሱ ደግሞ ማንም ለዘብተኛ የማይለው ወግ አጥባቂ ሉተራዊ ነበር። የሉተራን ሥነ መለኮት መምህሩ ፍራንሲስ ፒፐር በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሰጠው ብያኔ ለእኔ ሚዛናዊ ነው፤ አንድ ሰው በነገረ ክርስቶስ ትክክለኛ እምነት ካለው፣ ማርያም የእግዚአብሔርን ልጅ ከወለደች በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ሌሎች ልጆች ወልዳለች ብሎ በማሰቡ መናፍቅ አይባልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጨዋ ክርክር ነው። መርሳቱን ያመጣው ግን የምሁራኑ ክርክር ብቻ አይመስለኝም። ሮም በ1854 ማርያም ያለ ጥንተ ኃጢአት ተፀነሰች፣ በ1950 ደግሞ በሥጋ ወደ ሰማይ ተወሰደች የሚሉትን ቀኖና ባደረገች ጊዜ፣ በሉተራውያን ዘንድ ስለ ማርያም የሚነገር ነገር ሁሉ ከአንድ ከረጢት የወጣ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ማንነታችንን በማናምነው ነገር መቁጠር ለመድን። እነርሱ አዎ ካሉ እኛ አይደለም፤ ምን እንደ ተባለ ሳንሰማ።

ተቃውሟችሁን አውቃለሁ፤ «ዘላለማዊ ድንግልናን ብናነሣ ነገ ምእመኑ ወደ እርሷ መጸለይ ይጀምራል» ትላላችሁ። የሉተር የሥራ ባልደረባ ፊልጶስ ሜላንክቶን ለአውግስቡርግ መግለጫ በ1531 በጻፈው መከላከያ፣ በሃያ አንደኛው አንቀጽ፣ ይህን ስጋት አይቶ መልሶታል። ማርያም ለቤተ ክርስቲያን ትጸልያለች ብሎ ይቀበላል፤ ከፍ ያለ ክብር እንደሚገባትም ይናገራል። ሆኖም ከክርስቶስ ጋር እኩል እንድትደረግ እርሷም አትፈልግም ይላል፤ እንድንመለከት የምትፈልገው ምሳሌነቷን ነው። ልመናን ወደ እርሷ ማቅረብን አይቀበልም፤ መጽሐፍ አላዘዘምና። ይህን አጥር ያጠረው ክብሯን ሳይነካ ነው። እኛ አጥሩን ለመጠበቅ ስንል ክብሯን መንካት ለምን አስፈለገን? አንድን እውነት በሚያስከትለው ፍርሃት መደበቅስ ከመቼ ወዲህ ነው የሉተራን ልማድ የሆነው?

ከሌላው ወገን ላሉትም ጥቂት ቃል አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው ደስ ይላቸዋልና። «ሉተር እንኳ ዘላለማዊት ድንግል ናት ብሏል» እያሉ እኛን ለማሸነፍ የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው። ልክ ናቸው፤ ብሏል። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መጽሐፍ ስለ ኋለኛው ዘመን አይናገርም ያለው ይኸው ሉተር ነው። በእምነት አንቀጽነት ሳይሆን በአክብሮት የያዘው ነገር ነው። ማርያም አማላጅ ተብላ በክርስቶስ ቦታ እንዳትቀመጥ የታገለውም እርሱ ነው። ሉተርን ግማሹን ቆርጦ መጥቀስ እኛ የምንሠራው ስሕተት ሌላ ገጽ ነው።

የራሴን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ወደ ሉተር አዘነብላለሁ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር መስጠቱ፣ ሌላ ልጅ እንዳልነበራት እንዳስብ ያደርገኛል። ማስረጃ ነው አልልም፤ ወንድሞቹ በዚያን ጊዜ አያምኑበትም ነበርና (ዮሐ. 7፥5) ያን ያደረገው ስለዚያ ሊሆን ይችላል። በሐዋርያት ሥራ 1፥14 ደግሞ ማርያምና ወንድሞቹ አብረው በአንድ ልብ ሲጸልዩ እናገኛቸዋለን፤ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ሉቃስ አይነግረንም። ማርያም ሌሎች ልጆች ነበሯት ብሎ የሚያምን ወንድሜ ከእኔ ጋር ወደ አንድ ማዕድ ይቀርባል። ድንግልናዋን ግዴታ አድርጎ ሊጭንበት የሚመጣ ካለ ከወንድሜ ጎን እቆማለሁ። ወላዲተ አምላክ አይደለችም የሚል ቢመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ስለ ማርያም ሳይሆን ስለ ክርስቶስ ማንነት ነውና፣ በዚያ ላይ የምንለዝብበት ቦታ የለንም።

ሉተራውያን፣ ካቶሊካውያንና ሌሎች ፕሮቴስታንት ምሁራን በአሜሪካ ለተጀመረው የሉተራንና የካቶሊክ ውይይት እንዲረዳ አብረው አጥንተው በ1978 ያወጡት ጥናት በዚህ ጉዳይ የደረሰበት ድምዳሜ ትሕትና አለው። አዲስ ኪዳን የማርያምን ቀጣይ ድንግልና ጥያቄ አድርጎ በቀጥታ አያነሣም፤ ወንድሞቹም ያለ ጥርጥር የሥጋ ወንድሞች ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አንባቢው የሚመርጠው መልስ በከፊል የኋለኛዋ ቤተ ክርስቲያን ግንዛቤ በእርሱ ዘንድ ባለው ክብደት ላይ ይመሠረታል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተለያየ ወገን ምሁራን ተሰብስበው የደረሱበት ቦታ ሉተር በ1523 ከቆመበት ብዙ የራቀ አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ድምዳሜ ከምሁራን ጠረጴዛ ወርዶ ወደ ምእመናን ትምህርት አለመድረሱ ነው።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይህ ነው። በካቴኪዝም ትምህርት «ከድንግል ማርያም ተወለደ» የሚለው የሐዋርያት የእምነት መግለጫ ቃል ሲደርስ፣ ተማሪው ከድንግል መወለድና ዘላለማዊ ድንግልና ሁለት ጉዳዮች መሆናቸውን ይማር። ብዙ ወጣቶቻችን አንዱን ሲክዱ ሌላውን አብረው የሚክዱት ልዩነቱን የነገራቸው ስለሌለ ነው፤ ይህ ደግሞ ከማርያም አልፎ የክርስቶስን ጉዳይ የሚነካ አደጋ ነው። የሽማልካልደን አንቀጾችን ስታሳትሙ ላቲኑ የሚጨምረውን ቃል በግርጌም ቢሆን አሳዩ። ለአገልግሎት የሚዘጋጁ ተማሪዎች የፎርሙላውን ሰባተኛና ስምንተኛ አንቀጾች ሲያነቡ፣ ስለ እናቱ የተጻፉትን ጥቂት መስመሮች አትዝለሉባቸው፤ «እንደሚታመነው» የምትለዋንም አነጋገር አስተውለው ያንብቡ። ከመድረክ «ሉተር እንዲህ አለ» ስትሉ፣ ሉተር እንዲያ ማለቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የማትስማሙበት ከሆነም ተስማማን ብላችሁ አትንገሩን፤ «ሉተር እንዲህ ያምን ነበር፣ እኔ ግን በዚህ ምክንያት አልስማማም» ብላችሁ ንገሩን። እንዲያ ብሎ የሚያስተምረንን መምህር ይበልጥ እናከብረዋለን።

ይህን ደብዳቤ ተቃውማችሁ ብትጽፉም ደስ ይለኛል። በተለይ በሽማልካልደን አንቀጾች ላቲን ላይ የሚሰነዘረውን «የተርጓሚ ጭማሪ ነው» የሚል ክርክር ከፎርሙላው ሐረግ ጋር አስታርቆ የሚያስረዳኝ ካለ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ፤ እስካሁን ያስታረቀ አላነበብሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከእናንተው ተምሮ ያደገ አንድ የሉተራን ምእመን